የስፔን ፈረስ ሲወፍርብህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ደቡብ ስፔን፣ ሴቪያ አጠገብ የፈረስ ቤት ውስጥ ሥራ ጀምረሃል፤ የያዝከው አምባላይ (ነጭ) የስፔን ድንጉላ፣ ማለትም ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ፣ በሁለት ወር ወፍሮ አምሯል፤ ጠባዩና ቀለቡ እንዴት ነው ብለሃል። እኔ ሄሬዝ አካባቢ ስምንት ዓመት ይህንኑ ዘር ስይዝ ኖሬያለሁ። ስለ ውፍረቱ ደስ ብሎህ ስለጻፍክ ከእሱ ልጀምር፤ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

የእንጅባራ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ወፍራም ፈረስ ማለት ጌታው የሚሳሳለት ፈረስ ነው። ለበዓል የከሳ ፈረስ ይዘህ ብትወጣ ሰው ያማሃል። ይህንን ይዤ ነው እዚህ የመጣሁት። በመጀመሪያ ዓመቴ አንድ የ9 ዓመት ድንጉላ ሰጡኝ፤ ስቦርሸው ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆምልኝ፣ እግሬን ሲሰማ የሚያሽካካ፣ በጣም የምወደው ፈረስ ነበር፤ እና ማታ ማታ ከተመደበለት ላይ ገብስ እጨምርለት ነበር፣ ለማንም ሳልናገር። አማረ። ጀርባው መሐል ለመሐል ቦይ አወጣ። መጋቢት ላይ ሣሩ ሲለመልም መስክ አወጣነው፤ በሳምንቱ ጠዋት ስገባ ከጋጣው አልወጣም አለ። የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቆሟል። ሰኮናውን ስነካው ይፋጃል።

እዚህ ኢንፎሱራ ይሉታል። ሰኮናውን ከውስጡ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ይቆጣል፤ ሲብስ ይላቀቅና አጥንቱ ወደ ታች ይዞራል። ፈረሱ ተርፏል፣ ግን ለግልቢያ የተመለሰው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ገብሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ይህ ዘር ከትንሽ መኖ ብዙ ያወጣል። በጋ ላይ መስኩ ገለባ በሚሆንበት አገር የኖረ ፈረስ ነው፤ የገብሱና የለምለሙ ሣር ስኳር ሲበዛበት ሰውነቱ መቆጣጠር ያቅተዋል። ስለዚህ 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን 8 ኪሎ ገደማ ድርቆሽ፣ ሦስት አራት ጊዜ ከፋፍለህ፣ በመረብ አንጠልጥለህ። የወፈረ ከሆነ ድርቆሹን ግማሽ ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ውኃውን ድፋው፣ ስኳሩ ይቀንሳል። ጨውና ንጹሕ ውኃ አይጥፋ። ከባድ ሥራ ለማይሠራ ፈረስ ገብስም አጃም አያስፈልገውም። ግን የለመደውን በአንድ ቀን አትቁረጥበት፤ በአሥር ቀን ቀስ እያልክ ቀንስ፣ አለዚያ ሆዱ ይታወካል።

መለኪያህ አንገቱ ይሁን። ጋማው ሥር ያለውን ጉብታ ጋቲዮ ይሉታል። ድንጉላ ስለሆነ ወፈር ማለቱ ያለ ነው፤ በእጅህ ስትይዘው ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ደህና፣ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ አደጋ ነው። ከብዶት ወደ አንድ ጎን ከወደቀ ደግሞ አይመለስም፣ ለመራቢያም አይቀበሉትም።

አሁን ጠባዩ። እኔ እንደዚህ ሰው የሚሰማ ፈረስ አላየሁም። ቶሎ ይማራል፣ መጥፎውንም ጭምር። አንድ ቀን ብትጮህበት ወይ ልጓሙን በንዴት ብትጎትተው ለሳምንት ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ይጠብቅሃል። ለሽምጥ ሩጫ አይደለም የተወለደው፤ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ የሚረግጠው ሶምሶማውና ሰብሰብ ብሎ መዞሩ ነው ውበቱ። የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ በ1567 እ.ኤ.አ. ኮርዶባ ላይ የንጉሡን የፈረስ ቤት ያቋቋመው ይህን ፈረስ ለማርባት ነበር፤ ሄሬዝ የነበሩት የካርቱሃ ገዳም መነኮሳትም ዘሩን ጠብቀው ያቆዩ ናቸው። በቪየና ያለው የግልቢያ ትምህርት ቤት ዛሬም ድረስ የስፔን የሚባለው በዚሁ ፈረስ ምክንያት ነው። ዕረፍት ስታገኝ ሄሬዝ ያለውን የንጉሣዊ ትምህርት ቤት ትርኢት እይ፤ የያዝከው ፈረስ ምን መሥራት እንደሚችል ያኔ ይገባሃል።

አምባላይ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ሲወለዱ አብዛኞቹ ጥቁር ወይ ዳማ ናቸው፣ በዕድሜ ነው የሚነጡት። ከ15 ዓመት በላይ ከሆናቸው ብዙዎቹ ላይ ጥቁር እብጠት ይወጣል፤ ጭራው ሥር፣ ፊንጢጣው ዙሪያ፣ ከንፈሩ ላይ። በየሳምንቱ ስታጥበው ዳብስ። አብዛኛው ለዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ግን ካደገ ወይ ከቆሰለ ለሐኪሙ ንገር።

ድንጉላ ሆዱን ሲቆርጠው፣ ማለትም ሲንከባለል፣ ጎኑን ዞሮ ሲያይ፣ ቆለጡንም ተመልከት። አንዱ ወገን አብጦ ከቀዘቀዘ አንጀት ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ ደቂቃ አትጠብቅ፣ ሐኪም ጥራ። መዥገርም እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ትኩሳቱ ከ38.5 ካለፈ፣ ድዱ ከገረጣ ወይ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ የመዥገር በሽታ ጠርጥር።

ሰኮናው በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይታይ። ጋማውን ከጫፉ ጀምረህ በጣትህ ፍታው እንጂ በማበጠሪያ አትጎትተው፣ ይበጠሳል። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ስለሚያልፍ ጎህ ሲቀድ አሠራውና ቀኑን ጥላ ውስጥ ይዋል።

ዛሬ ማታ አንገቱን ዳብሰውና ምን እንደተሰማህ ጻፍልኝ። ከጠጠረ፣ ነገ ጠዋት መስክ ሳታወጣው በፊት ለኃላፊህ ንገረው።