ጥያቄና መልስ፦ ኤሌክትሪክ ትምህርት ያስይዛል?

ስለ አእምሮና ኤሌክትሪክ ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎች የደረሱንን ጥያቄዎች እነሆ። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አጎቴ ከውጭ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር፣ 2 ሚሊአምፔር የሚሰጥ መሣሪያ ልኮልኛል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ይረዳኛል? (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

ብዙ ተስፋ አትጣልበት። መሣሪያው የነርቭ ሴሎች ምልክት ለመላክ ያላቸውን ዝግጁነት በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል እንጂ በራሱ ምልክት አያስልካቸውም። ስለዚህ የሚያግዘው፣ ካገዘም፣ ኤሌክትሪኩ በሚፈስበት ሰዓት የምትሠራውን ሥራ ነው፤ አስረኸው ቲክቶክ ብታይ የምትለማመደው ቲክቶክ ማየትን ነው። በዚያ ላይ በ2018 በሬሳ ላይ የተደረገ ልኬት እንዳሳየው፣ ከሚሰጠው ኤሌክትሪክ 75 በመቶ ያህሉ በራስ ቆዳና በራስ ቅል በኩል ዞሮ ይሄዳል። አንጎል ጋ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው።

ጉዳትም አለው። በ2013 ኦክስፎርድ ውስጥ በተሠራ ጥናት ከኋላ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ሲነቃቃ አዳዲስ የቁጥር ምልክቶችን መማር ፈጠነ፤ የተማሩትን ሳያስቡ ቶሎ መጠቀም ግን ተዳከመ። ከፊት በኩል ሲሆን ደግሞ ተገላቢጦሽ። ፈተና ላይ ሁለቱም ያስፈልጉሃል!

የተሻለውን ከፈለግህ መጽሐፉን ዝጋና ያነበብከውን ራስህን ጠይቅ። በ2006 በወጣ ጥናት ጽሑፉን ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 42 በመቶውን፣ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን አስታውሰዋል።

በ9 ቮልት ባትሪና በሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገታ ዕቃ) ራሴ ብሠራውስ? (ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ ሸዋ ሮቢት)

ይቅርብህ። ሂሳቡ ቀላል ይመስላል፦ 9 ቮልት ለ4,500 ኦም (የተቃውሞ መለኪያ) ሲካፈል 2 ሚሊአምፔር። ችግሩ ቆዳ እንደ ሬዚስተር በአንድ ዋጋ አለመቆየቱ ነው። ኤሌክትሪኩን ወደ ቆዳ የሚያደርሰው ስፖንጅ ሲርስና ሰውየው ሲያልበው ጠቅላላው ተቃውሞ ወደ 1,500 ኦም ቢወርድ 6 ሚሊአምፔር ይሆናል። የላብራቶሪ መሣሪያ ቆዳው ቢለዋወጥም ኤሌክትሪኩን በአንድ መጠን ይይዛል፣ ሲጀምርም ሲያቆምም ቀስ ብሎ ይወጣል ይወርዳል፣ ግንኙነቱ ሲበላሽ ይቆማል። ባትሪው ግን ሽቦው በተነካካ ቁጥር ዓይን ላይ ብልጭታ ያሳያል። ሳታውቅ ቀዩንና ጥቁሩን ብታገላብጥ ደግሞ ውጤቱም ሊገለበጥ ይችላል።

ልጄ ተጠቅማበት ሹሩባዋ መሐል እንደ ቃጠሎ ያለ ቁስል ወጣባት። ከምን መጣ? (እናት፣ ደብረ ሲና)

መጀመሪያ ያስቁሟት፤ ቁስል ባለበት ቆዳ ላይ አይደገምም። ቅላት ብቻ ቢሆን ብዙም ባላሰጋ፣ ቁስል ግን ኤሌክትሪኩ በአንድ ነጥብ መከማቸቱን ይናገራል። ፀጉሯ ቅቤ ተቀብቶ ከነበረ መልሱ እዚያው አለ፦ ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስፖንጁ 5 በ7 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 35 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆንም ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው ሹሩባው በተከፈለበት ጠባብ መስመር ብቻ ነው። 1 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ቢነካ እዚያ ላይ ያለው ጫና 35 እጥፍ ይሆናል። ጠርዙ የደረቀ ስፖንጅም እንዲሁ ያደርጋል። በጥናት ቤት ራሱ ይታጠባል፣ ስፖንጁ በጨው ውሃ ይነከራል፣ ማቃጠል ሲሰማ ወዲያው ይቆማል። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ያለ ሐኪም ጭራሽ አይነካካት።

አባቴ 70 አልፏቸዋል፣ ይረሳሉ። አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ቀጭን ሽቦ) ይቀበርላቸው ይሆን? (መንዝ)

ገና ነው። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት ለሚጥል በሽታ ሕክምና ኤሌክትሮድ በተቀበረላቸው ሰዎች ላይ ነው። በ2012 በሰባት ሕሙማን ላይ ሂፖካምፐስ ወደተባለው የአንጎል የማስታወሻ ማዕከል የሚያስገባውን ክፍል ማነቃቃት መንገድ ማስታወስን ሲያሻሽል፣ በ2016 በ49 ሕሙማን ላይ የተሞከረው ተመሳሳይ ነገር ማስታወስን አባሰ። በ2018 የሠራው ብልሃት ኮምፒዩተሩ አንጎሉን እያዳመጠ ሊረሳ ሲል ብቻ መቀስቀስ ነበር፤ የቃላት ማስታወስ በ15 በመቶ ጨመረ።

ለአባትህ የሚቀድመው ምርመራ ነው። የታይሮይድ ችግር (በተለይ እንቅርት ካላቸው)፣ የቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የመስማት ችግር፣ የሚወስዱት መድኃኒት፦ እነዚህ ሁሉ ያስረሳሉ፣ ብዙዎቹም ይታከማሉ። መድኃኒቶቻቸውን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ይኼ ለከባድ ድብርት ከሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና ጋር አንድ ነው? (አንኮበር)

አይደለም። ያኛው ወደ 800 ሚሊአምፔር ገደማ በማደንዘዣ ተሰጥቶ ሆን ተብሎ የሚጥል ሁኔታ ያስነሳል፣ ለጊዜው ማስታወስንም ሊያውክ ይችላል።

መሣሪያውን ቻርጅ እየተደረገ ላድርገው? (ደብረ ብርሃን)

በፍጹም። ርካሽ ቻርጀር ውስጡ ከተበላሸ 220 ቮልቱ በርጥብ ስፖንጅ በኩል በቀጥታ ራስህ ላይ ነው።