ለአንድ ሴሚስተር ውጭ ብማር እዚህ ያለው ትምህርቴስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሀዋሳ ነው የምማረው፣ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ዲፓርትመንታችን አውሮፓ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም የተማሪ ልውውጥ አለው፤ እኔም ለአምስት ወር ተመርጫለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ግን ግራም ገብቶኛል። ወደ ኋላ እቀር ይሆን? ወጪውን ማን ይችለዋል? ፒያሳ አካባቢ ደግሞ አንድ ደላላ ቪዛውን ልጨርስልሽ ብሎ ብር ጠይቆኛል። እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ለደላላው አምስት ሳንቲም አትስጪ። የመረጠሽ የራስሽ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተቀባዩ ግቢ የቅበላ ደብዳቤ ይልክልሻል፣ ያንን ይዘሽ ራስሽ ታመለክቻለሽ። የምትቆዪው ከ90 ቀን በላይ ስለሆነ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ተራው የአጭር ጊዜ ቪዛ (ሼንገን) አይበቃሽም፤ የምትሄጂበት አገር የረጅም ጊዜ ቪዛ ያስፈልግሻል። ስለዚህ ቶሎ ጀምሪ።

ዋናው ነገር ግን ኮርሱ ነው። ከመሄድሽ በፊት የትምህርት ስምምነት የሚባል ወረቀት አለ፦ እዚያ የምትወስጂው ኮርስ እዚህ በየትኛው እንደሚቆጠር ይጻፍበታል፣ አንቺ፣ ያንቺ ግቢና ተቀባዩ ግቢ ትፈርሙበታላችሁ። እኔ ተማሪ እያለሁ ለአንድ ሴሚስተር ሄጄ ነበር። ስደርስ አንዱ ኮርስ ዘንድሮ አይሰጥም አሉኝ፣ በሌላ ቀየርኩት፣ ለውጡን ግን አላስፈረምኩም። ስመለስ አልቆጠሩልኝም። ጓደኞቼ ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ እኔ ያንን ኮርስ እየደገምኩ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ አንድ ኮርስ እንኳ ከቀየርሽ የዚያኑ ሳምንት ለዲፓርትመንትሽ ጻፊና አስፈርሚ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እዚያ የትምህርት ክፍያ የለብሽም። የጉዞ ድጋፍና በየወሩ ለኑሮ የሚሆን ገንዘብ ይሰጥሻል። ግን ልብ በይ፣ እዚህ ዶርሙም ካፌውም በወጪ መጋራት ነው፣ እዚያ ኪራዩንም ምግቡንም ከወር ገንዘብሽ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያው ክፍያ ሊዘገይ ስለሚችል ለጥቂት ሳምንት የሚሆን ገንዘብ በእጅሽ ይኑር፤ ቤተሰብ ማስቸገር ቢሆንም ቀድመሽ ንገሪያቸው። ምግብ ራስሽ መሥራት ካልቻልሽ ገንዘቡ አይበቃሽም። ሽሮና በርበሬ ያዢ። ቋንጣና ቅቤ ግን ተዪ፣ የሥጋና የወተት ውጤት ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ብርዱና ብቸኝነቱ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ በተለይ ቶሎ የሚጨልምበት ወቅት ከሆነ። አይዞሽ፣ ይለመዳል።

የሁለቱ ግቢ ካላንደር ስለማይገጥም፣ ስትመለሺ እዚህ ትምህርት ተጀምሮ ሊጠብቅሽ ይችላል። ይህንንም አሁኑኑ ከአማካሪሽ ጋር ተነጋገሪበት። ደግሞ ሬጅስትራር ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ሙዪ ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ፤ በልውውጥ የሄደ ተማሪ በራሱ ዩኒቨርሲቲ እንደተመዘገበ ነው የሚቆየው፣ ያለዚያ ልውውጡ ራሱ ይበላሽብሻል።