ጂኑ አንድ፣ ስሙ ሦስት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጅማ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የምሠራው በቡና ጂኖች ላይ ነው። አማካሪዬ «ጂን ኦንቶሎጂ ጨምርባቸው» ሲለኝ ከኢንተርኔት አውርጄ ሠንጠረዡን ሞላሁት። ግን የጂኖችን ሥራ የሚገልጽ የቃላት ዝርዝር ለምን እንዲህ ይካበዳል?

መልስ፦ ልጄ፣ እኛ ጓሮ እንሰት ነበር። እናቴ እንሰት ትለዋለች፤ ኦሮሞዋ ጎረቤታችን ወርቄ፣ ከሲዳማ የመጣችው ተከራያችን ዌሴ። ተክሉ ያው አንድ ነው።

ጂኖችም ላይ ይኸው ነው የደረሰው። ሴል እንዲከፈል የሚያዝዘው ጂን በዳቦ እርሾ ሲዲሲ28፣ በሌላ ዓይነት እርሾ ሲዲሲ2፣ በሰው ሲዲኬ1 ይባላል። (ያ ሌላው እርሾ የተገኘው ከምሥራቅ አፍሪካ ጠላ መሰል መጠጥ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ላይ ያለው «ፖምቤ» በስዋሂሊ እሱኑ መጠጥ ማለት ነው።) በ1987 እ.ኤ.አ. ሜላኒ ሊ እና ፖል ነርስ የተባሉ ተመራማሪዎች የሰውን ጂን ሲዲሲ2 ለተበላሸበት እርሾ ሰጡት። እርሾው መከፈሉን ቀጠለ!

በ1998 እ.ኤ.አ. የዝንብ፣ የአይጥና የእርሾ አጥኚዎች ተሰባስበው ጂን ኦንቶሎጂን ጀመሩ። የጂኖቹን ስም አልነኩም። ሥራቸውን የሚገልጹበትን ቃል ግን አንድ አደረጉ፤ ለእያንዳንዱም ቃል ባለ 7 አሃዝ ቁጥር ሰጡት። ቃላቱ ሞለኪዩሉ ምን እንደሚሠራ፣ በየትኛው ሂደት እንደሚገባና ሴሉ ውስጥ የት እንደሚገኝ ይናገራሉ።

«አውርጄ ሞላሁት» ባልከው ላይ ግን ልቆጣህ ነው። እያንዳንዱ መግለጫ ምን ማስረጃ እንዳለው የሚያሳይ ኮድ አለው። አይዲኤ ካለ ሰው ቤተ ሙከራ ገብቶ በቀጥታ አይቶታል። አይኢኤ ካለ ኮምፒውተር በራሱ የለጠፈው ነው፤ አንድ በአንድ ያጣራው ሰው የለም። የቡና ጂኖች ላይ የምታገኘው አብዛኛው ይኸኛው ነው።

እኔ ተማሪ ሆኜ አንዱን ፕሮቲን «ካፌይን ይሠራል» ብዬ ፖስተር ላይ ጽፌ፣ አጠገቡ ኮራ ብዬ ቆሜ ነበር። አንድ ልጅ መጣና «ማን ሞከረው?» አለኝ። ጭጭ። ለካ ካፌይን ከሚሠሩት ጋር በጣም የሚመሳሰሉ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ በሚባል ሌላ ኬሚካል ላይ የሚሠሩ ዘመዶች አሉ። ኮምፒውተሩ መልካቸውን አይቶ ነው የፈረደው፤ እኔም ኮዱን ሳላይ ገልብጬዋለሁ።

ስለዚህ ሠንጠረዥህ ላይ አንድ ዓምድ ጨምርና ኮዱን ጻፍበት። አይኢኤ ብቻ ያለባቸውን ቀለም ቀባቸውና «ይሠራል» ያልከውን «ሳይሠራ አይቀርም» በለው።