የቆመ ስኩተር ለጓሮ ጋሪ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአባቴ ከውጭ የተላከላቸው ባለ አራት ጎማ የኤሌክትሪክ ስኩተር ከቆመ ቆየ። አሁን ሌላ ዊልቸር ስላላቸው፣ ሞተሩን አውጥቼ ፍግ ወደ ማሳ፣ ሽንኩርት ወደ ቤት የሚያመላልስ ጋሪ ልሠራበት አስቤያለሁ። መሬታችን ተዳፋት ነው። አንድ ኩንታል ይችላል ወይ? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ስኩተሩ በእርግጥ መሞቱን ያረጋግጡ። አብዛኞቹ የሚቆሙት በባትሪ ምክንያት ነው። ውስጡ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ቻርጅ ሆኖ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ደህና ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.7 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ 10.5 ላይ የሚቀር ከሆነ ግን ከሴሎቹ አንዱ አልቆለታል። ሁለት ደህና ባትሪዎች ተውሰው ይሞክሩት። ከሄደ እባክዎ አይፍቱት፤ መራመድ ለተሳነው ሰው ይህ ዕቃ ከማንኛውም ጋሪ ይበልጣል፣ የሚፈልገውም ሰው ሩቅ አይሆንም። ለመፍታት የሚገባው ቻሲው የተሰበረ ወይም መሪው የማይጠገን ነው።

የሚፈታ ከሆነ የኋላውን ክፍል እንዳለ ያውጡ። ሞተሩ፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ዲፈረንሻሉና ሁለቱ ሴሚያሶች (ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች) አንድ አካል ናቸው። ሞተሩ ብቻውን በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይዞራል እንጂ ጉልበት የለውም፤ ጉልበቱን የሚሰጠው ማርሹ ነው። ከሞተሩ ጀርባ ደግሞ የጣሳ ክዳን የመሰለ ክብ ነገር ተገጥሟል። ፍሬኑ እሱ ነው፤ ለወሎ መሬት ከሞተሩ እኩል ዋጋ አለው። አሠራሩ ከለመድነው ፍሬን ተቃራኒ ነው፦ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይለቃል፣ ሲቋረጥበት ሞላው ገፍቶ ይይዘዋል። ስለዚህ ገመድ ቢበጠስ ወይም ባትሪ ቢያልቅ ጋሪው ዳገት ላይ እንዳለ ይቆማል።

ወደ ሞተሩ የሚገቡት ሁለት ወፍራምና ሁለት ቀጭን ገመዶች ናቸው። ቀጭኖቹ የፍሬኑ ናቸው። ለእነሱ ብቻ 24 ቮልት ሲሰጡ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው ይለኩ፤ በአሥር ቤት የሚቆጠር ኦም ካነበበ የፍሬኑ የሽቦ ጥቅል ደህና ነው፣ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ብዙ ደህና ሞተር የሚጣለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ፍሬኑን ሳያስለቅቅ ወፍራሞቹን ብቻ ከባትሪ ጋር ያገናኛል፣ ሞተሩ ታንቆ ይግላል እንጂ አይዞርም፣ ከዚያ «ተቃጥሏል» ይባላል። ደጋግመው ከሞከሩት ደግሞ እውነትም ካርቦኑና ጥቅሉ ይቃጠላሉ።

ወደ ኩንታሉ እንምጣ። ጋሪው 40፣ ጭነቱ 100 ኪሎ ይሁን። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወጣ ዳገት 137 ኒውተን ያህል የመግፋት ኃይል ይጠይቃል፤ ለስላሳ አፈር ሲሆን ጎማው ስለሚሰምጥ ሌላ ያን ያህል ይጨመራል። በሰው እርምጃ፣ ማለትም በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር፣ 270 ዋት ገደማ ይሆናል። በማርሽና በሞተር የሚባክነው ሲታከል ከባትሪው 400 ዋት ወይም 17 አምፔር ይወጣል። ትልልቆቹ ስኩተሮች ይህን ይችላሉ። ተፈትተው መኪና ኋላ የሚጫኑት ትንንሾቹ ግን ለአጭር ጊዜ እንጂ ለረጅም ዳገት አይችሉትም፤ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ዋት ያንብቡ። ዳገቱ በ10 ሜትር 2 ሜትር የሚወጣ ከሆነ ግማሽ ኩንታል ብቻ ይጫኑ፤ ያኔ የሚጠይቀው ጉልበት ከመጀመሪያው ጋር እኩል ይሆናል። ዳገቱን ሲጨርሱ ሞተሩን በእጅዎ ይንኩት። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ይረፍ።

ጥያቄ፦ የስኩተሩን ኮንትሮለር (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረውን ሳጥን) ጋሪው ላይ ከገጠምኩት ወዲህ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አልሄድ አለኝ። ርካሽ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ኮንትሮለር አግኝቻለሁ። ልቀይረው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይቸኩሉ። ይህ ኮንትሮለር ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ራሱን ይፈትሻል፤ አንድ ነገር ካጎደሉበት ሆን ብሎ እምቢ ይላል። በመጀመሪያ የፍሬኑ ሁለት ቀጭን ገመዶች መገናኘታቸውን ይዩ፤ «አያስፈልግም» ተብለው የሚቆረጡት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ የፍጥነት መስጫው ቁልፉ ሲከፈት መሃል ላይ መሆን አለበት፤ ትንሽ ዘንበል ካለም አይነሳም። ገመዱን ነቅለው መስጫው ውስጥ ያለውን ፖቴንሽዮሜትር (ሲንቀሳቀስ ኦሙ የሚለዋወጥ ባለ ሦስት ገመድ ዕቃ) ይለኩ። ብዙውን ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ኪሎ ኦም ነው፤ ከመሃለኛው ገመድ ወደ ሁለቱም ጫፍ ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት አለበት። የቻርጀሩ ሶኬት ከተሰካም አይሄድም። ብልጭታውን ይቁጠሩት፤ ቁጥሩ የብልሽቱን ዓይነት ይናገራል፣ ትርጉሙም በስኩተሩ መመሪያ ውስጥ አለ።

ይህን ሁሉ ልፋት የምንመክረው በቁልቁለቱ ምክንያት ነው። የራሱ ኮንትሮለር ጋሪው ሲወርድ ሞተሩን ይዞ ያዘገየዋል፣ የሚመነጨውንም ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ርካሹ የብስክሌት ኮንትሮለር ይህን አያደርግም፤ የሚያውቀው መግፋት ብቻ ነው። ኩንታል የተሸከመ ጋሪ ቁልቁል ሲጀምር ማርሹ አይዘውም፣ ሰውም ሮጦ አይደርስበትም። ለኮምቦልቻ ሜዳ ሊያገለግል ይችላል፤ ወደ ደሴ አቅጣጫ ላለ ገደላማ ማሳ ግን በፍጹም አንመክረውም።

የራሱ የማይድን ሆኖ ሜዳ ላይ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ የሚገዙት ለባለ ካርቦን ሞተር የተሠራ፣ ባለ 24 ቮልት፣ 500 ዋት ይሁን። ወደ ሞተር የሚሄዱት ወፍራም ገመዶች ሁለት መሆናቸውን ይቁጠሩ፤ ሦስት ከሆኑ ለሌላ ዓይነት ሞተር ነው፣ አይሠራም። ፍሬኑን ለብቻው፣ ሲጨብጡት የሚያበራና ሲለቁት የሚያጠፋ ማብሪያ በእጀታው ላይ ገጥመው ያስለቅቁ። በፍሬኑ ሁለት ገመዶች መካከል 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ)፣ ነጩ ቀለበት ወደ ፖዘቲቭ ዞሮ፣ ይግባ፤ ያለ እሱ የማብሪያው ጥርስ በብልጭታ ተበልቶ ይጣበቃል። ያኔ ፍሬኑ አልያዘም ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሞተሩ አጠገብ በእጅ የሚሳብ የፍሬን ማላቀቂያ ያገኛሉ ይሉዎታል፣ እውነት ነው፣ ለመግፋት ይመቻል። ጭነት ኖሮበት ተዳፋት ላይ ግን እንዳይነኩት። አልሄድ ካለም ባጃጅ ኋላ አስረው አይጎትቱት፤ ሞተሩ ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኮንትሮለሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ጥያቄ፦ የእኛ መሬት ዋልካ ነው፤ ትንንሾቹ የስኩተር ጎማዎች ይቀረቀራሉ። የባጃጅ ጎማ ልግጠምለት? (ከመርሳ)

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን በነፃ አይደለም። የስኩተሩ ጎማ ከ25 ሳንቲ ሜትር ወደ ባጃጁ 40 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ ፍጥነቱ በ1.6 እጥፍ ይጨምራል፣ የመጎተት ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 100 ኪሎ የሚጭነው ወደ 50 ኪሎ አካባቢ ይወርዳል፣ የጋሪው ክብደትም ስለሚቆጠር። ከ30 እስከ 33 ሳንቲ ሜትር ያለው ሰፋ ያለ ጎማ ይሻላል፤ ነፋሱንም ቀነስ አድርገው ይሙሉት። ቸርኬውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘውን ቶርኖ ቤት ያስወጡ እንጂ ዘንጉ ላይ አይበየዱ። ብየዳ ካስፈለገ የማርሽ ሳጥኑ ከጋሪው ወጥቶ ይሁን፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ በኩሽኔታ ውስጥ ሲያልፍ ይበላዋል፣ ሙቀቱም ዘይት መያዣ ጎማውን ያቀልጠዋል።

ክረምት ላይ የራሰ ዋልካ ውስጥ ግን ማንኛውም ጎማ አያድንም። ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ለሚንሸራተተው ጎማ ይሰጣል፣ አንዱ ይሽከረከራል፣ ሌላው ይቆማል። በመደቦቹ መካከል በጠጠር ወይም በገለባ መንገድ ያብጁ።

ጥያቄ፦ ከሁለቱ ባትሪ አንዱ ብቻ ነው የሞተው። እሱን ብቻ ልቀይር? የመኪና ባትሪስ ይሆናል? (ከደሴ)

መልስ፦ ሁለቱንም፣ አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ ያላቸውን ይግዙ። አሮጌው ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎም ይሞላል፤ አዲሱን ይዞት ይሞታል። የመኪና ባትሪ ለማስነሻ የተሠራ ስለሆነ ደጋግሞ እስከ ግማሽ ሲወርድ አይበረክትም። ለሶላር የሚሸጠው የታሸገ ባትሪ ይሻላል። 33 አምፔር ሰዓት ቢሆን ግማሹን ብቻ ይጠቀሙ፤ በ17 አምፔር ሲሰላ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያልተቋረጠ ዳገት ነው። ቻርጀሩ 24 ቮልት፣ ከ3 እስከ 4 አምፔር ይሁን። ባለ 40 አምፔር ፊውዝ ከፖዘቲቩ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይግጠሙ፤ ገመዱ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ጋሪው ለምሽት መብራት ካስፈለገው ባለ 24 ቮልት አምፖል ይፈልጉ እንጂ ባለ 12 ቮልቱን ከአንዱ ባትሪ ላይ ብቻ አይቀጥሉ፤ ያ ባትሪ ሁልጊዜ ከጓደኛው ወደ ኋላ ይቀርና በጥቂት ወር ውስጥ እንደ መጀመሪያው ይሞታል።