በብርድ ጠዋት ግማሽ ላይ የሚቆም የጋራዥ በር፦ ሞተሩን ከመወንጀልህ በፊት

ወንድሜ፣ በሙቀቱ ወራት ደህና የነበረው የጋራዥ በርህ ብርዱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ድረስ ወጥቶ ይቆማል፣ ሲዘጋ ደግሞ መሬት ነክቶ ተመልሶ ይከፈታል ብለሃል። አንዱ «የሞተሩን ጉልበት ጨምርለት» አለህ፣ ሌላው «ሞተሩ አርጅቷል፣ ቀይረው» አለህ። ለጊዜው ሁለቱንም ተወው። ብርድ በገባ ቁጥር እነዚህን በሮች ስነካካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «ሞተሩ ሞተ» ተብዬ ሄጄ ካየሁት ውስጥ አብዛኛው በሽታው የበሩ እንጂ የሞተሩ አልነበረም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሩን የሚያነሳው ሞተሩ አይደለም። ሸክሙን የሚይዘው ከበሩ በላይ ዘንግ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ነው፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ በግራና በቀኝ ከሐዲዱ ጎን የተዘረጋ ሞላ ይኖራል። ሁለት መኪና የሚያስገባ የብረት በር ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ከዚያ በጣም የሚበልጥም አለ። ሞላው ጤነኛ ከሆነ ግን ለሞተሩ የሚተርፈው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞላው ሲደክም ወይም መንኮራኩሮቹ ሲከብዱ ሞተሩ «አልቻልኩም» ብሎ ይቆማል። መቆሙ ደግሞ ደግ አደረገ ያሰኛል፤ የተሠራው እንዲያ እንዲያደርግ ነው።

መጀመሪያ ይህን ሞክር። በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ ከሞተሩ ሐዲድ ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ሳብ፤ በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል። በሩ ክፍት ሆኖ ግን በፍጹም እንዳትስበው። ሞላው ተሰብሮ ከሆነ በሩ ባለ በሌለ ክብደቱ ይወርድብሃል። ከተላቀቀ በኋላ በሁለት እጅህ ቀስ አድርገህ እስከ ወገብህ አንሳውና ልቀቀው፤ እጅህን ግን አታርቅ። ባለበት ከቆመ ሞላው ደህና ነው። ወደ ታች ከወረደ ሞላው ደክሟል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከያዘህ ችግሩ እዚያ ያለው መንኮራኩር ወይም የተጣመመ ሐዲድ ነው። ደግሞ ሙከራውን ብርዱ ባለበት በጠዋቱ አድርገው፤ ከሰዓት ሲሞቅ በሽታው ይደበቅብሃል።

ሞላው ላይ ትንሽ ልቆይ። የተለመደው ሞላ ወደ 10,000 ጊዜ መከፈትና መዘጋት እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። በቀን 4 ጊዜ ከተከፈተ ሰባት ዓመት እንኳ አይሞላም። ብረት በብርድ ይበልጥ ተሰባሪ ስለሚሆን፣ ዕድሜውን የጨረሰ ሞላ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በቀዝቃዛ ጠዋት ነው። ቀና ብለህ ጥምጥሙን እይ፤ መሃሉ ላይ የጥቂት ሴንቲሜትር ክፍተት ካየህ ተበጥሷል። ያኔ ሞተሩን መጫን አቁምና ባለሙያ ጥራ። ሞላውን፣ ገመዶቹንና ከበሩ ግርጌ ገመዱ የታሰረበትን ብረት በራስህ አትፍታ። የታመቀው ኃይል እጅ ይሰብራል፣ ሰውም ገድሏል። በቤቴ ሁሉንም ነገር ራሴ የምጠግን ሰው ነኝ፤ ይቺን ግን ለባለሙያ እተዋለሁ።

በሩ በእጅ ሲነሳ ቀላል ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ግራሶው ነው። በደረቅ ጨርቅ የሞተሩን ሐዲድ ጥረገው። በጨርቁ ላይ የሚወጣው ጥቁር፣ አሸዋ የተቀላቀለበትና እንደ ሰም የደረቀ ነገር ከሆነ፣ ሞተርህ ጠዋት ጠዋት የሚታገለው ከእሱ ጋር ነው። አሮጌውን ሳታነሳ በላዩ አዲስ አትደርብ። ካጸዳህ በኋላ ማጠፊያዎቹን፣ የመንኮራኩሮቹን ኩሽኔታና የሞላውን ጥምጥም ለጋራዥ በር የተሠራ የሲሊኮን ወይም የሊቲየም ስፕሬይ ስስ አድርገህ ንፋ። መንኮራኩሮቹ የሚሄዱበትን ሐዲድ ግን አትቀባው፤ መጥረግ ይበቃዋል፣ ከተቀባ አቧራ ይሰበስባል። ሁሉም ቤት የማይጠፋው ደብሊውዲ-40 የሚባለው ስፕሬይ ለማጽዳት ይሆናል፣ ቅባት ሆኖ ግን አይቆይም። ሞተርህ ሰንሰለት ካለው ትንሽ ቅባት ይበቃዋል፤ ቺንጊያ ከሆነ ምንም አትቀባው። በብርድ በጣም የሚቸገረው በረጅም ብሎን የሚሠራው ዓይነት ነው። እሱ ካለህ ለብርድ የሚሆነውን ግራሶ ከመመሪያው ላይ እይ።

አንዳንድ ጠዋት ደግሞ በሩ ጭራሽ ንቅንቅ አይልም። የግርጌው ጎማ ከወለሉ ጋር በበረዶ ተጣብቆ ነው። እዚህ ላይ ሰው ሪሞቱን ደጋግሞ ይጫናል፤ ሞተሩ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ የሚበላውም ያኔ ነው። የሞተሩን ክዳን ስትከፍት ነጭ ዱቄት ተበትኖ ካየህ ጥርሱ እየተፈጨ ነው። ሞተሩ እየዞረ ሰንሰለቱ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ አልቆለታል ማለት ነው፤ ጥሩነቱ ጥርሱ ብቻውን ይቀየራል። የተጣበቀውን ጎማ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ወይም ጠፍጣፋ በሆነ ነገር ቀስ ብለህ አላቀው። ሙቅ ውሃ አታፍስስበት፣ ተመልሶ በረዶ ይሆናል። ከተላቀቀ በኋላ ወለሉን አድርቅና ጎማውን ሲሊኮን ቀባው፤ ሁለተኛ ቶሎ አይጣበቅም።

መሬት ነክቶ የሚመለስበትን ነገር በተመለከተ፣ የት ላይ እንደሚመለስ ለይተህ እይ። መሬት ሳይነካ የሚመለስ ከሆነ ችግሩ ግርጌ በግራና በቀኝ ያሉት፣ በበሩ መንገድ ላይ እንቅፋት መኖሩን የሚያዩት የዓይን ሴንሰሮች ናቸው። ጤዛ ወይም ውርጭ ሸፍኗቸው፣ መያዣቸው ተገፍቶ፣ ወይም ዝቅ ብላ የምትወጣው የብርድ ወራት ፀሐይ በቀጥታ ገብታባቸው ይሆናል። የግድግዳውን ቁልፍ ተጭነህ ስትይዘው ከተዘጋ ጥርጣሬህ ትክክል ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጋቸውና አቅጣጫቸውን አስተካክል። የአንተ ግን መሬት ከነካ በኋላ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ወለሉ ላይ የበረዶ ጓል ይኖራል፣ ጎማው በብርድ ደርቋል፣ ወይም ከስሩ ያለው አፈር በውርጭ አብጦ ሲሚንቶውን ትንሽ አንስቶታል። ሞተሩ እንቅፋት አገኘሁ ብሎ ይመለሳል። መፍትሔው የመውረጃውን ገደብ፣ ማለትም በሩ እስከ የት ወርዶ እንዲቆም ሞተሩ ላይ የተወሰነውን ልክ፣ በጥቂቱ ማሳጠር ነው፤ ጉልበቱን መጨመር አይደለም።

ጉልበት መጨመር የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ያውም ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ። ያንተ በካቻቢቴ የሚስተካከል ከሆነ ከሩብ ዙር በላይ አትሂድ። ከዚያ 4 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ በሩ ሥር አጋድመህ ዝጋው። ጣውላውን እንደነካ ወዲያው መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ያ በር ልጅም ሆነ እንስሳ ላይ አይቆምምና ጉልበቱን ቀንሰው። ሙቀቱ ሲመለስ ደግሞ ወደ ነበረበት መልሰው።

ደጋግመህ ስትሞክር ሞተሩ ድንገት ጸጥ ካለ ተቃጠለ ብለህ አትደንግጥ። ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ አለው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ብታሳርፈው ይነሳል። እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ኤሌክትሪክ አከማችቶ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ነው፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ እጅህን አታስገባ። ሪሞቱ ከቅርብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ በመጀመሪያ ባትሪውን ቀይር። በቅርቡ ሞተሩ ላይ ኤልኢዲ አምፖል አስገብተህ ከሆነ አውጥተህ ሞክረው፤ አንዳንዶቹ የሪሞቱን ሞገድ ይረብሻሉ።