ጥያቄና መልስ፦ ምክንያቱን ጽፈናል፤ ውጤቱን በምን እናያይዘው?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ ለሚያጠና ሁሉ በሬ ክፍት ነው። ተማሪ ይመጣል፣ ነርስ ይመጣል፣ ከቂሊንጦ ፋብሪካ ሺፍት ጨርሶ የወጣ ሰው ይመጣል። ሰሞኑን ጥያቄው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰበሰበ፦ በመደበኛ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ይህ ሆነ፤ ከዚህ የተነሳ ያ ሆነ» የሚለው እንዴት ይጻፋል? የእንግሊዝኛ መምህራን ሪዘልት ክሎዝ የሚሉት ማለት ነው። የእኔ አቋም ከመጀመሪያው ይታወቅ። ውጤት መጻፍ ምስክርነት ነው። ይህ ነው ያንን ያመጣው እያላችሁ ነው። ስለዚህ አንባቢው ማን ምን እንዳመጣ ሳይጠራጠር ማየት አለበት።

ምሳሌዎቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ድምፅ እያወጣችሁ አንብቧቸው። ኮማው በነጠላ ሰረዝ፣ ሰሚኮለኑ በድርብ ሰረዝ ተተክቷል።

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ቲቸር፣ «ሶ» እና «ሰች» ፈተና ላይ ሁሌ ያምታቱኛል። ቀላል መለያ የላቸውም?

መልስ፦ አላቸው። ከኋላቸው ያለውን ቃል እይ። ቅጽል ወይም ተውሳከ ግስ ብቻውን ከቆመ «ሶ» ነው። «ዘ ሮድ ዎዝ ሶ መዲ ዛት ዘ ታክሲ ተርንድ ባክ»፤ መንገዱ ከመጨቅየቱ የተነሳ ታክሲው ተመለሰ። ቅጽሉ ስም ካስከተለ ግን «ሰች» ይሆናል፦ «ሰች ኤ መዲ ሮድ ዛት»። ስሙ ብዙ ቁጥር ወይም የማይቆጠር ከሆነ «ኤ» ትወድቃለች፦ «ሰች ሎንግ ኪውስ»፣ «ሰች ሄቪ ሬይን»።

ፈተና ላይ የምትጥልህ ሌላ ናት። «መኒ»፣ «መች»፣ «ፊው» እና «ሊትል» መጠን ሲናገሩ፣ ስም ቢከተላቸውም የሚቀድማቸው «ሶ» ነው። «ሶ መኒ ፒፕል ዛት» ትላለህ። «ሰች መኒ ፒፕል» የሚባል ነገር የለም።

ከበድ ያለ ጽሑፍ ስታነብ «ሶ ሲሪየስ ኤ ፕሮብለም ዛት» የሚል ታገኛለህ። እሱም ትክክል ነው፤ ግን ለሚቆጠር ነጠላ ስም ብቻ ነው የሚሠራው። ዝናብ ላይ አታምጣው።

ጥያቄ (ነርስ፣ ከአቃቂ)፦ ሪፖርት ላይ «ዘ ፔሸንት ዎዝ ቬሪ ዊክ አንቲል ሺ ኩድ ኖት ስታንድ» ብዬ ጻፍኩ። ዶክተሩ በቀይ አሰመረበት። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አማርኛው ነው የጎተተሽ። «መቆም እስኪያቅታት ድረስ ደከመች» እንላለን፤ እዚያ ውስጥ ያለው «እስኪ» ውጤትን ይናገራል። የእንግሊዝኛው «አንቲል» ግን ጊዜን ነው የሚናገረው። አንባቢው «እስከዚያ ሰዓት ደካማ ነበረች፤ ከዚያ ተለወጠ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። በሕክምና መዝገብ ላይ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ሶ ዊክ ዛት ሺ ኩድ ኖት ስታንድ» ብለሽ ጻፊ። «ቬሪ» ከ«ዛት» ጋር ውጤት አይሠራም፤ ቦታው የ«ሶ» ነው። ማሳጠር ከፈለግሽ «ቱ ዊክ ቱ ስታንድ» አለልሽ። የመጀመሪያው «ቱ» በሁለት «ኦ» የሚጻፈው ነው። ለሪፖርት እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

ጥያቄ (የሺፍት ኃላፊ፣ ቂሊንጦ)፦ «ዜርፎር» ስጽፍ ኮምፒውተሩ ሁሌ ያሰምርብኛል። «ዘ ማሽን ስቶፕድ፣ ዜርፎር ዘ ሺፍት ኤንድድ ኧርሊ» ነው ያልኩት። ቃሉ ትክክል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ቃሉ ትክክል ነው። ችግሩ ኮማዋ ናት። «ሶ» አያያዥ ነው፤ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በአንድ ኮማ ማገናኘት ይችላል። «ዜርፎር» ግን ተውሳከ ግስ ነው፤ ብቻውን የማገናኘት አቅም የለውም። ስለዚህ ከፊቱ ነጥብ ወይም ሰሚኮለን ይፈልጋል፦ «ዘ ማሽን ስቶፕድ፤ ዜርፎር፣ ዘ ሺፍት ኤንድድ ኧርሊ»። «ኮንሲኩዌንትሊ» እና «አዝ ኤ ሪዘልት» እንዲሁ ናቸው።

ከዚህም የሚያምር አጻጻፍ አለ። ነጥብ አድርግና ቃሉን ወደ ውስጥ አስገባው፦ «ዘ ሺፍት ዜርፎር ኤንድድ ኧርሊ»። ኮማም አያስፈልገውም። ረጋ ያለ፣ የተማረ ሰው አጻጻፍ ነው።

ቃላቱ አንድ ዓይነት እንዳይመስሉህ ደግሞ። «ዜርፎር» ከማስረጃ ተነስተህ ድምዳሜ ላይ ስትደርስ ይስማማል። «አዝ ኤ ሪዘልት» አንድ ክስተት ሌላውን ሲያመጣ ነው። ማሽን ቆሞ ሺፍት ካለቀ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። «ሄንስ» ግስ ሳይከተለው ስም ብቻ ይዞ መቆም ይችላል፦ «ሄንስ ዘ ዲሌይ»። ቁጥብ ስለሆነ ደስ ይላል፤ ሲበዛ ግን ያደርቃል።

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ፣ ቱሉ ዲምቱ)፦ «ሶ ዛት» ዓላማ ነው ወይስ ውጤት? አንዱ መምህር ዓላማ ነው አለኝ፣ ሌላው ውጤት ነው አለኝ።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው። እነዚህን ሁለቱን አስተያያቸው።

«ዊ ክሎዝድ ዘ ቫልቭ ሶ ዛት ዘ ታንክ ዉድ ፊል።» ታንከሩ እንዲሞላ ቫልቩን ዘጋን። ይህ ዓላማ ነው። ኮማ የለውም፤ ውስጡ ደግሞ «ዉድ» አለ። ዓላማ አብዛኛውን ጊዜ «ካን»፣ «ኩድ»፣ «ዊል»፣ «ዉድ» ወይም «ሜይ» ይዞ ነው የሚመጣው። ገና ያልሆነ፣ የታሰበ ነገር ስለሆነ ነው።

«ዘ ታንክ ክራክድ፣ ሶ ዛት ዘ ሆል ብሎክ ሎስት ዎተር።» ታንከሩ ተሰነጠቀ፤ ብሎኩ በሙሉ ውሃ አጣ። ይህ ውጤት ነው። ታንከር አስቦ አይሰነጠቅም። ኮማ አለው፤ ግሱም የሆነ ነገር የሚናገር ተራ ኃላፊ ግስ ነው።

ስትጠራጠር ቃሉን ለውጠህ ሞክር። «ኢን ኦርደር ዛት» ከገጠመ ዓላማ ነው፤ «ዊዝ ዘ ሪዘልት ዛት» ከገጠመ ውጤት ነው። ሁለቱም የሚገጥሙበት ዓረፍተ ነገር ከገጠመህ ደግሞ አትተወው። «ዘይ ሪፔርድ ዘ ፓይፕ ሶ ዛት ዎተር ሪችድ ዘ ፎርዝ ፍሎር» ብትል፣ ውሃው እንዲደርስ ብለው ነው የጠገኑት ወይስ ስለጠገኑት ደረሰ? ኮማ የምታህል ምልክት ብቻዋን አትሸከመውም። በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ «ሶ ዛት»ን ለዓላማ ብቻ ተወው። ለውጤቱ «ዊዝ ዘ ሪዘልት ዛት» በል፤ ወይ ነጥብ አድርገህ «አዝ ኤ ሪዘልት» ብለህ ጀምር። ይህ ሕግ አይደለም፤ የእኔ ምክር ነው። ግን አማካሪህ አንድም ቦታ ቆሞ እንዳያስብ ያደርግልሃል።

ጥያቄ (የእድር ጸሐፊ)፦ ልጄ፣ ስለ ውሃ ችግራችን ለአንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ደብዳቤ እየጻፍን ነው። ልጆቹ በየመስመሩ «ሶ»፣ «ሶ» እያሉ ደረደሩት። ደብዳቤው ክብደት አጣብኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ በደንብ አይተውታል። «ሶ» ስህተት የለበትም፤ በየመስመሩ ሲመጣ ግን ጽሑፉ ወሬ ይመስላል። አንዳንዱን በ«ኢንግ» ያያይዙት፦ «ዘ ፓምፕ ፌይልድ፣ ሊቪንግ ስሪ ብሎክስ ዊዛውት ዎተር»። ፓምፑ ተበላሸ፤ ሦስት ብሎክ ያለ ውሃ ቀረ። ምክንያቱና ውጤቱ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል።

አንድ ቦታ ላይ፣ ችግሩ ከሁሉ የከፋበት ላይ፣ ይህን ያስገቡ፦ «ሰች ዎዝ ዘ ሾርቴጅ ዛት ፋሚሊስ ቦት ዎተር ባይ ዘ ጄሪካን»። እጥረቱ ከመጽናቱ የተነሳ ሰው ውሃ በጀሪካን ገዛ ማለት ነው። ግሱ ከባለቤቱ ስለቀደመ ድምፁ ከፍ ይላል። በአንድ ደብዳቤ ከአንድ ጊዜ በላይ ግን አይጠቀሙበት፤ ሲደገም ጩኸት ይሆናል። ውሃው ስንት ቀን እንደጠፋና ጀሪካኑ ስንት ብር እንደሆነም ይጨምሩ። «ሶ ሲቪር» ከማለት ቁጥሩ የበለጠ ይናገራል።

ጥያቄ (ሌላ ተማሪ)፦ «ቢኮዝ» ብዬ ጀምሬ መሃል ላይ «ሶ» ብል ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አለው። አንዱን ምረጪ። እንግሊዝኛ ምልክቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። እግረ መንገድሽን «ሪዘልት ቱ» የሚለውንም ተዪው፤ ውጤት ሲያመጣ «ሪዘልት ኢን»፣ ከምክንያት ሲመጣ «ሪዘልት ፍሮም» ነው።

ጥያቄ (ያው የማስተርስ ተማሪ)፦ «ዘ ኮሚቲ ሪጀክትድ ዘ ፕላን፣ ዊች ዲሌይድ ዘ ወርክ» የሚለው ላይ አማካሪዬ የጥያቄ ምልክት አደረገበት። ሰዋስው ነው ችግሩ?

መልስ፦ አይደለም። «ዊች» ማንን እንደያዘች አልታወቀም። ሥራውን ያጓተተው ዕቅዱ ነው ወይስ ዕቅዱ ውድቅ መሆኑ? «ዘ ሪጀክሽን ዲሌይድ ዘ ወርክ» በልና ተገላገል።

በዚያው ረቂቅህ ሌላ ቦታ ላይ አንድ ከዚህ የሚብስ አይቻለሁ። መንገዱ አስፋልት ሆነ፤ «ዜርፎር» የቤት ኪራይ ጨመረ ብለሃል። ሰዋስው አሟልቷል። ግን በዚያው ጊዜ ብዙ ሕዝብ ገብቷል፤ የሁሉም ነገር ዋጋ ንሯል። «ዜርፎር» ስትጽፍ አስፋልቱ ነው ብለህ እየመሰከርክ ነው። ማስረጃህ መቀደሙ ብቻ ከሆነ «ዎዝ ፎሎውድ ባይ» በል፤ ይህ ተከተለ እንጂ አመጣ አይልም። ድርሻ አለው ብለህ ካመንክና የሚያሳይ መረጃ ካለህ «ኮንትሪቢውትድ ቱ» አለ። ጥርጣሬ ካለህ «ሜይ ሃቭ ሌድ ቱ» በል። እነዚህን መጠቀም ፍርሃት አይደለም። የምታውቀውን ያህል ብቻ መጻፍ ነው፤ ፈታኝም የሚያከብረው ይህንን ነው።

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍሉ ተማሪ)፦ ቲቸር፣ የመጨረሻ። ፊልም ላይ «ዛት»ን ይዘሏታል። «ሶ ታየርድ አይ ስሌፕት» ይላሉ። እኔስ ልዝለላት?

መልስ፦ በንግግር ዝለላት፤ ማንም አይቆጣህም። ፈተናና ማመልከቻ ላይ ግን ጻፋት፤ ከፊቷም ኮማ አታድርግ።