ቤት ያልመታ ሒሳብ

ልጆቼ፣ ባለፈው ከእናንተ አንዱ ማርቆስ ገበያ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ጋሼ፣ የጥበቃ ሕግ ይጣሳል እንዴ?» አለኝ፤ የአንድ ነገር ጠቅላላ ድምር አይለወጥም የሚለውን የፊዚክስ ሕግ ማለቱ ነው። ቆሞ የሚመለስ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩላችሁ።

ልጅ ሆኜ ዲማ ቅኔ ስቆጥር፣ ቤት ያልመታልኝን በዜማ እየጎተትኩ ልሸፍን እሞክር ነበር። የኔታ እዚያው ላይ ያስቆሙኛል። ይህ አመል ፊዚክስ ድረስ ተከትሎኝ ሄደ። የመመረቂያ ሥራዬ ላይ ሦስት ማዕዘን የሚባለውን የቅንጣቶች መስተጋብር ሥዕል ሳሰላ፣ ኢንተግራሉ (የድምር ስሌቱ) ወሰን የለውም፤ ያለ ገደብ ያድጋል። ተለዋዋጩን ትንሽ ገፋ አደረግሁት። በተራ ኢንተግራል ይህ ምንም አይለውጥም፤ በዚህኛው ግን ትርፍ ተረፈኝ። የእጄ ስህተት ነው ብዬ ትርፉን ለማጥፋት ሦስት ወር ደከምኩ። መምህሬ ወረቀቱን አይተው «ትርፉን የት ጣልከው?» አሉኝ።

ትርፉ እውነት ነበር፤ በፊዚክስ «አኖማሊ» ይባላል። ኤሌክትሮኖችን ክብደት የላቸውም ብለን ብናስብ፣ ወደሚሄዱበት ሲታዩ እንደ አዟዟራቸው ቀኝ ዞርና ግራ ዞር ናቸው። በክላሲካሉ ሒሳብ የሁለቱ ቁጥር ለየብቻው አይለወጥም። ኳንተም ሲገባ ግን የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኮች በአንድ መስመር በተዘረጉበት አንዱ እየቀነሰ ሌላው ይጨምራል። ትርፉን ወይ በኤሌክትሪክ ቻርጅ ሕግ ላይ፣ ወይ በቀኝ ዞርና ግራ ዞር ቁጥር ሕግ ላይ ማሳረፍ ግድ ነው። ሁለቱን ማዳን አይቻልም። ቻርጁን እናድናለን፤ እሱ ከተነካ የብርሃን ቲዎሪው ራሱ ይፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1969 የፊዚክስ ሊቃውንቱ አድለር፣ እንዲሁም ቤልና ጃኪው ይህን ሲያወጡ፣ ቻርጅ አልባው ፓዮን (ከኳርኮች የተሠራ ቅንጣት) ለምን ወደ ሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) እንደሚፈርስ ተገለጠ። ኳርኮች፣ ማለትም የፕሮቶንና የኒውትሮን መሥሪያዎች፣ ሦስት ቀለም ባይኖራቸው በስሌት የሚገኘው የመፍረስ ፍጥነት ከሚለካው 9 እጅ ያንስ ነበር። (ቀለም ማለት ስም ብቻ ነው፤ ቀይ ብላችሁ እንዳትፈልጉት።)

የእኔ ተወዳጅ ግን ይህ የቅንጣቶች ቻርጅ ሒሳብ ነው፦ ኤሌክትሮን −1፣ ኒውትሪኖ 0፣ አፕ ኳርክ 2/3፣ ዳውን ኳርክ −1/3። ቀለማቸው ሦስት ነውና የኳርኮቹን በ3 አባዙና ሁሉን ደምሩ። ዜሮ! ካልሆነ ትርፉ ቻርጁ ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 ቦተም ኳርክ ሲገኝ ጥንዱ ቶፕ እንደሚኖር የታመነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1995 ተገኘ።

እስኪ በዚህ ክረምት ትርፉን ራሳችሁ አስሉት። በአራት አቅጣጫ (ሦስት የቦታ፣ አንድ የጊዜ) ከከበዳችሁ በሁለት (አንድ የቦታ፣ አንድ የጊዜ) ጀምሩ። ትርፉን ሳትሰርዙ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ።